ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስፒከር ራሴ ልሥራ ወይስ ውዱን ልግዛ?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቁብ ደረሰኝ። ባለቤቴ ሶፋ ነበር ያሰበችው፤ ስንት ለምኜ ለሙዚቃ አስፈቀድኩ። ሶፋው ለሚቀጥለው ዙር ተላልፏል።

ቦሌ አንድ ሱቅ ገብቼ ጥንድ ስፒከር ሰማሁ። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ ቀለሙ ፊት ያሳያል። ዋጋው 380,000 ብር። ሻጩ ሳያፍር «ገመዱ ለብቻው ነው» አለኝ። ገመዱ 25,000 ብር! አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ እንደወጣን «በዚህ ብር ራስህ ብትሠራ ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል» ብሎ ልቤን አሸፈተው።

ሳሎኔ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ከጎን አራስ አለች። የምሰማው ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች፣ በገና፣ አልፎ አልፎ ጃዝ ነው፤ እሱም ማታ ማታ። ስታኞ እይዛለሁ፣ እንጨት ግን አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ? «ልብህ ያለህን አድርግ» የምትሉኝ ካላችሁ እለፉኝ።

ካሴት ሰብሳቢ፦

ግዛ። ግን 380 ሺውን አይደለም። ከውጭ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ያገለገለ ትንሽ ጥንድ ፈልግ። ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ነገ ቢቸግርህ ይሸጣል። ራስህ የሠራኸውን ማንም አይገዛህም፤ መጨረሻው ለአክስትህ ልጅ ሰርግ መዋስ ነው።

አናጺው ከገላን፦

ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። እንጀራዬ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት ነው። ስፒከር የምሠራው ማታ ነው፣ መብራት ካለ።

እኔ ሥራ እልሃለሁ። ግን ዲዛይኑን ራስህ አታውጣ። ተለክቶ የታተመ፣ ሌሎች ሠርተው ያዩት ፕላን ውሰድና ቅንጣት ሳትቀይር ሥራ።

ለምን መሰለህ? ሰው ስፒከር ሲባል የሚታየው ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ኮላ፣ ሞርሳ፣ በቃ። አበሳው ክሮስኦቨሩ ላይ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለቱዊተሩ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሁለቱ የሚረካከቡበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ነው። ጆሯችን ደግሞ እዚያ አካባቢ አይሸወድም። ሳይስማሙ ከተረካከቡ ዘፋኙ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ የሚዘፍን ይመስልሃል። ስንትና ስንት የሚያምር ሣጥን እንደዚህ ሆኖ ቀርቷል።

ሜርካቶ ተሠርቶ ያለቀ ክሮስኦቨር በቦርድ ይሸጣል። አትንካው። ቦርዱ የሚሠራው የሚያያዝበት ነገር ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ሁልጊዜ 8 ኦም እንደሆነ ታስቦ ነው። ዉፈር ግን ጀርባው ላይ 8 ኦም ተብሎ ይጻፍበት እንጂ፣ እንደሚጫወተው ድምፅ ኦሙ ይወጣል ይወርዳል። ያኔ ቦርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የለውም። ለአንድ ዉፈርና ለአንድ ቱዊተር የተለካ ክሮስኦቨር የሚሠራው ለእነሱ ብቻ ነው።

ይህን የምልህ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። አሜሪካ ሄዶ ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ይሠራ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ክሮስኦቨር፣ ሊንክዊትዝ-ራይሊ የሚባለው፣ ዛሬም ውዶቹ ስፒከሮች ውስጥ ሳይቀር አለ። ሰውየው ያኔ ስፒከር ነጋዴ አልነበረም፤ መለካት የሚያውቅ ሰው ነበር። በኋላ ደግሞ ሰው ቤቱ እንዲሠራቸው የራሱን ስፒከሮች ፕላን አወጣ። እንግዲህ የእሱ ዓይነት ሰው ለክቶ የጨረሰውን ትተህ በግምት ልሥራ ብትል እንጨቱን ነው የምታባክነው።

የሣጥኑም ስፋት በግምት አይደለም። ኔቪል ቲል የሚባል መሐንዲስ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ ከእሱ ቀጥሎ ሪቻርድ ስሞል፣ ለየትኛው ዉፈር ስንት ሊትር እንደሚስማማ በሒሳብ አስቀምጠውታል። ዉፈር ስትገዛ ለዚህ ሒሳብ የሚያስፈልጉት ኤፍኤስ (Fs)፣ ኪውቲኤስ (Qts) እና ቪኤኤስ (Vas) የሚባሉት ቁጥሮች ያሉበት ወረቀት ጠይቅ። ወረቀት ከሌለው ማግኔቱ የፈለገ ቢከብድ ተወው። ሶማሌ ተራ የመኪና ስፒከር እየመዘኑ «ክብደቱን እየው» የሚሉህን ስቀህ እለፋቸው።

አሁን የእኛን አገር ነገር ልንገርህ። የውጮቹ ፕላኖች ይህን አይጽፉትም። ቱሉ ዲምቱና ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ዝግ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር ዉፈሩን እንደ ሞላ ይዞ የሚመልሰው ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ ሞላው ይላላል። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተሰላ የ10 ሊትር ዝግ ሣጥን እዚህ የ13 ሊትር ያህል ሆኖ ይሠራል። ምን ለማለት ነው፣ ዝግ ሣጥን ከሆነ ትንሽ ብታጠበው አይጎዳህም። አየር የሚወጣበት ቱቦ ያለው ሣጥን ከሆነ ግን የቱቦውን ርዝመት አትንካ። ቱቦው የሚቃኘው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን ደግሞ ሙቀት እንጂ ግፊት አይለውጠውም። አየሩ ስለሚሳሳ ድምፁም ወደ 2 ዴሲቤል ይቀንሳል። እሱ ምንም አይደል፣ ቮልዩሙን ነካ ታደርጋለህ።

ወደ ሳሎንህ ልምጣ። ያ ቦሌ ያየኸው ግንብ አንተ ቤት ቢገባ ትቆጭ ነበር። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይሄዳል። የቤትህ ርዝመት ደርሶ መልስ 8 ሜትር ነው፤ 343ን ለ8 ስታካፍለው 43 ኸርዝ። በጎኑ 6 ሜትር፣ 57 ኸርዝ። ቤዙ እነዚህ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ራሱ ያጉረመርማል፤ ስፒከሩ ሚሊዮን ቢያወጣም። ብሎኬቱን አልፎ አራሷ ቤት የሚገባውም ዜማው አይደለም፣ ያ ጉርምርምታ ነው።

ለአንተ ትንሽ ስፒከር ነው የሚያዋጣህ። ቢቢሲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤልኤስ3/5ኤ የምትባል፣ 5 ሊትር ገደማ የሆነች ስፒከር ሠርቶ ነበር። የታሰበችው ለስርጭት መኪና ነው። ጠባብ ቦታ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከሁሉ በላይ የሰው ንግግር። ሣጥኗ ዝግ ነው፣ 12 ሚሊ ፕላይውድ፣ ከውስጥ ንዝረቱን የሚያፍን ነገር የተለጠፈበት። ቤዝ ብዙ የላትም። የሰው ድምፅ ላይ ግን እስከዛሬ ስሟ ይጠራል። በሷ መንገድ የተሠሩ ፕላኖች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል።

ገመዱን ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሂድና ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ግዛ። 5 ሜትር ቢሆን እንኳ ደርሶ መልስ 0.1 ኦም አይሞላም። የቀረውን 25 ሺህ ለእመቤቲቱ ስጣት፣ የሶፋው ቀብድ ይሁን። ሣጥኑ ውስጥ ታጥቦ የደረቀ የበግ ጠጉር ሳትጠቀጥቅ ሙላ፤ ከፍራሽ ስፖንጅ ይሻላል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ከጀርባህ ካለው ግድግዳ ደግሞ ወፍራም የመንዝ ባና ካለህ አራት ጣት ፈቀቅ አድርገህ ስቀል። ቤዙን አይነካውም፤ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ግን ይውጥልሃል።

የለገጣፎዋ፦

አናጺው ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኔ ውዱን ከገዙት ነኝ፤ አልቆጨኝም። ቤቴ ሰፊ ነው። የከፈልኩት ለሠሩት መሐንዲሶች ልኬትና ለእንጨቱ ውበት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን ዋጋው ራሱ ድምፅ አለው ብዬ አልዋሽህም። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የሚባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ስፒከር አሰምተው ነበር፤ አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተሸፍኖ። ሰዎቹ የሰጡት ነጥብ ስፒከሩን በማየታቸው ብቻ ተለውጧል። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ ዓይንህን ጨፍን፣ ሻጩንም ዝም አሰኘው። የምታውቀውን በገና በስልክህ ይዘህ ሂድ። የጅማቱ ንዝረት አንድ በአንድ ካልተሰማህ ዋጋውን አትጠይቅ።

ደግሞ እናንተ ወንዶች ስለ መብራቱ አንድም አልተናገራችሁም። በእኛ በኩል ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል። አምፑን ያለ ስታብላይዘር እንዳትሰካው።

ካሴት ሰብሳቢ፦

በባናው እስማማለሁ። የቀረውን ግን አሁንም ግዛ ነው የምለው።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦

ጋሽ አናጺው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የሶፋውን ቀብድ አንብባ «ይህ ሰው አዋቂ ነው» ብላለች። ትንሹን ዝግ ሣጥን ልሠራ ነው። ዉፈሩንና ቱዊተሩን የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሊያመጣልኝ ነው። እስከዚያ እርስዎ ጋ መጥቼ እንጨቱን ባስቆርጥስ?

አናጺው ከገላን፦

ጋሽ ብለህ አታስረጀኝ። ጎኖቹን ዛሬም ብትመጣ በማሽን እቆርጥልሃለሁ። የፊቱን ግን አልነካም። ፕላኑ ላይ ያለው የቀዳዳ ልክና እጅህ የሚገባው ዉፈር አንዳንዴ በሚሊ ይለያያሉ፤ ሰፍቶ ከተቆረጠ ቪቴው የሚይዝበት የለም፣ አየርም ያፈሳል። የአጎትህ ልጅ ዕቃውን ሲያመጣ ካሊፐር ይዘን በራሱ ላይ ለክተን እንቆርጣለን። ሲገዛ ሁለቱ ዉፈሮች ሞዴል ቁጥራቸው እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጥ፤ 4 ኦሙና 8 ኦሙ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው።