አንጀቱ ተዘግቶ የተከፈተለት የጉበት ታማሚና ላክቱሎስ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ በሄፓታይተስ ቢ የመጣ የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ መጠንከር) አለበት፤ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል። ድሮ አንጀቱ ተጠምዝዞ ደሴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሰሞኑን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ አረንጓዴ አስመለሰው፤ አየር እንኳ አልወጣ አለው። የድሮው ቀዶ ሕክምና ጠባሳ አንጀቱን አጣብቆ ዘግቶታል አሉን። ደሙ ቶሎ ስለማይረጋ ዳግም መቅደዱን ፈርተው በአፍንጫው ቱቦ አስገብተው፣ በግሉኮስ አቆዩት፤ አልሐምዱሊላህ ተከፈተለት። አሁን አጥሚት ይቀምሳል።

የጨነቀኝ ላክቱሎሱ ነው፤ ሰገራ የሚያለሰልሰውና ከጉበት ሕመም የሚመጣውን የአእምሮ መምታታት የሚከላከለው ሽሮፕ። አንጀቱ ሲዘጋ አስቆሙት። ካልወሰደው ግን ሰገራው ይደርቅና ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፤ ትናንት ማታ የእኔን ስም ጠፋው። ሲወስደው ደግሞ ሆዱን ይነፋዋል። ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ይዘነው እንመለሳለን፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ እንዳውቅ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያከማችሁ ወይም ያስታመማችሁ፣ ላክቱሎሱን ምን ምልክት አይታችሁ፣ በምን ያህል መጠን መልሳችሁ ጀመራችሁ?