ጥር 13ን አክብረን በራግቢ ተከራከርን

የፒያሳው፦
ትናንት ማታ ስታዲየም አካባቢ ያለችው ቡና ቤታችን ውስጥ የ1954ቱን (1962 እ.ኤ.አ.) ዋንጫ ስናወሳ አመሸን። በየዓመቱ ጥር 13 እንገናኛለን። ያኔ ዕለቱ እሑድ ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ ቃና ዘገሊላ አልፎ፣ በማግስቱ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ሜዳችን ላይ አስቀረነው። ወጋችን ደርቶ ሳለ ቴሌቪዥኑ የ2023ቱን (እ.ኤ.አ.) የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በድጋሚ ማሳየት ጀመረ። አንዱ «ቀይሩልን» አለ፣ ሌላው «ተዉት እንየው» አለ፣ ከዚያ በቃ፣ የዋንጫው ወሬ ቀረ። ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው። ራግቢ፣ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበት ጨዋታ፣ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ቢገባ ምን ችግር አለው? እኔ ይግባ ባይ ነኝ።

የስታዲየሙ፦
ችግሩማ ሜዳ ነው። ልጆቹ ኮብልስቶን ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው፣ መኪና በመጣ ቁጥር እያቆሙ ነው የሚጫወቱት። ዋሊያዎቹ ራሳቸው የሜዳቸውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሄደው ተጫውተዋል። ያለችውን ደግሞ ለሁለት እንክፈላት ትላለህ?
አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ሜዳ ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት ግብፅ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋን ነበር፣ በ1957 እና በ1959 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ መጀመሪያ ሲያስቆጥሩብን ሰው ሁሉ «መጣች ያቺው አራት» ብሎ ነበር ይለናል። አቻ ሆንን፣ ወዲያው ደግመው መሩን። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። አባቴ ያኔ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረው። ሲወርድ አላየውም፣ አልፈለገውምም። በተጨማሪ ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አባቴ ባዶ ራሱን ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላየነውም። እና ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራሳችንን እናንሳው።

የካዛንቺሷ፦
ጋሼ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ ግን ልቃወምዎት ነው። እኔ ትንሹን ወንድሜን ይዤ ስታዲየም መሄድ ያቆምኩት በስድቡ ነው። ልጁ ከኳሱ ይልቅ ዳኛን መስደብ ተማረ። ሰፈር ሲጫወትም ፊሽካ በተነፋ ቁጥር እጁን እያወናጨፈ ወደ ዳኛው ይሮጣል።
ትናንት ያየነው ፍጻሜ ላይ ሁለቱም አምበሎች ካርድ አይተዋል። የኒውዚላንዱ በቀይ ወጣ፣ ቡድኑ በ14 ሰው ተጫውቶ በደቡብ አፍሪካ 12 ለ 11 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ! ሰውየው ምን አደረገ? ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በእኛ ሜዳ ቢሆን ዳኛው በሕይወት የሚወጣ አይመስልም ነበር። ራግቢ ላይ ዳኛን የሚያናግረው አምበሉ ነው፤ ዳኛው ደግሞ ማይክ ስላደረገ የሚለውን ተመልካቹ ሁሉ ይሰማል። ይሄ ሜዳ አያስፈልገውም ጋሼ። ልማድ ብቻ ነው።

የፒያሳው፦
ሌላም አለ። ሰፈር ውስጥ ወፍራሙ ልጅ ሁሌ በረኛ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም፣ «አንተ ግባ» ይባላል። ራግቢ 15 ሰው ይፈልጋል። ከ15ቱ ውስጥ ለከባዱም፣ ለአጭሩም፣ ለሯጩም የየራሱ ቦታ አለው። ከባዱ ከፊት ሆኖ ይገፋል፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ጀርባ ነው የሚቆመው።

የአራት ኪሎው፦
የስፖርት አስተማሪ ነኝ። እንደምናየው ያለውን ራግቢ ለልጆች አልደግፍም። አንገት አለ፣ ጭንቅላት አለ። ተያይዘው ሲገፉ አንድ ልጅ አጎንብሶ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ያልሠለጠነ ሰው ፊሽካ ይዞ ልጅ ማጋጨት ወንጀል ነው።
ግን መጣጣል የሌለበት ዓይነትም አለ። ልጁ ወገቡ ላይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ተከላካዩ ጨርቁን ከነጠቀው ተያዘ ማለት ነው። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ስለሆነ፣ ሯጩ ወደ ፊት እየሮጠ ጓደኛው ከኋላው መኖሩን ማወቅ አለበት። ለልጅ አእምሮ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሰባት ሰዎቹም አለ፣ አንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ብቻ። ኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ አሸንፋ ዋንጫ ወስዳለች። ፊጂ እኮ በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደችው ናት። ጎረቤታችን ከቻለ እኛም ሯጭ አናጣም።

የስታዲየሙ፦
የኬንያን እቀበላለሁ። ግን ራግቢ የማን ጨዋታ እንደነበር እንዳንረሳ። ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተባረረችው ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ነው። ያን ጊዜ በግማሽ ፍጻሜ የሚገጥማት የእኛ ቡድን ነበር፤ ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ያንን ዘረኝነት ዕድሜ ልኩን ታግሎታል። አረንጓዴዋ የራግቢ ማሊያ ደግሞ የእነዚያው የነጮቹ ኩራት ነበረች።

የፒያሳው፦
እኮ ጋሼ! ማንዴላ በ1995 እ.ኤ.አ. ያችኑ አረንጓዴ ማሊያ፣ 6 ቁጥሯን፣ ለብሶ አይደል የራግቢ ዓለም ዋንጫውን ለነጩ አምበል የሰጠው? ትናንት ያየነው አምበል ሲያ ኮሊሲ ደግሞ ጥቁር ነው፤ እሱም የሚለብሰው 6 ቁጥር ነው። ሁለት ዓለም ዋንጫ አንስቷል፣ 2019 እና 2023።

የስታዲየሙ፦
ማንዴላን አንስተህ አፌን አስያዝከኝ። የጨዋታውን ነገር ትቻለሁ፣ የካዛንቺሷም ስለ ዳኛ ያለችው ልክ ነው። የሜዳውን ግን አልተውም። የትኛው ሜዳ ላይ?

የአራት ኪሎው፦
የእኛ ትምህርት ቤት ሜዳ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ባዶ ነው። ሞላላ ኳስ ያለው ሰው ይምጣ፤ ጨርቁን እኔ አዘጋጃለሁ።

የስታዲየሙ፦
ቅዳሜ ባዶ ነው? የእኛ ሰፈር ልጆች እኮ በየሳምንቱ ቅዳሜ የግቢያችሁ በር ላይ ደርሰው ነው የሚመለሱት፤ ዘበኛው «ዝግ ነው» ይላቸዋል። መጀመሪያ በሩን አስከፍትልን፤ ክቧም ሞላላዋም ኳስ ከዚያ በኋላ ትግባ።

የአራት ኪሎው፦
ይሄን አላወቅኩም ነበር ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩን አነጋግራለሁ።