ሁለት የካራቡስ ንዑስ ዝርያዎች በአንድ ስም፦ የትኛው ይቀየራል?

ዝርዝር አጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የአውሮፓ የመሬት ጢንዚዛዎችን የስም ዝርዝር በሰንጠረዥ እያጠራሁ ነው። ካራቡስ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ላይ ስደርስ ሁለት ሞክሼዎች ገጠሙኝ። አንዱ በካራቡስ ቪዮላሴውስ ሥር በ1880ዎቹ «ቫር.» (ቫሪዬታስ፣ ማለትም ልዩ መልክ) ተብሎ የወጣ ነው፤ ሌላው በካራቡስ ካንሴላቱስ ሥር በ1930ዎቹ የወጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። የንዑስ ዝርያው ስም በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ነው፤ ደራሲና ዓመት ግን ይለያያል። ስሙን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም፤ ሳይጣራ በየዝርዝሩ እንዳይዛመት።

ዝርያቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም እንዳሉ መቀመጥ ይችላሉ? ንዑስ ጂነሳቸውም አንድ አይደለም። ካልሆነ የኋለኛውን ሰርዤ አዲስ ስም ላውጣለት?

ጥቁር ክንፍ

አይችሉም። በእንስሳት ስያሜ ኮድ የዝርያና የንዑስ ዝርያ ስም እንደ አንድ ቡድን ነው የሚታየው። ስለዚህ በአንድ ጂነስ ውስጥ ያን ስም መያዝ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ በየትኛው ዝርያ ሥር መዋሉ ለውጥ አያመጣም። ንዑስ ጂነስም በዚህ ጉዳይ ድምፅ የለውም። ታላቁ ሞክሼ (ቀድሞ የወጣው) ይጸናል፣ ታናሹ ይወድቃል።

ሁለቱም ሲወለዱ «ካራቡስ» ተብለው ከሆነ ቀዳማዊ ሞክሼነት ነው፤ ታናሹ ለዘለቄታው ወደቀ ማለት ነው። አንደኛው ግን መጀመሪያ የወጣው ሜጎዶንቱስን (የቪዮላሴውስን ንዑስ ጂነስ) ራሱን የቻለ ጂነስ በሚያደርግ ደራሲ እጅ ከሆነ ሁለቱ የተገናኙት ኋላ ስለተደባለቁ ነው፤ ይህ ደኃራዊ ይባላል። ደኃራዊው በአመለካከት ላይ የቆመ ነው፤ ጂነሱን ለሚከፋፍሉት ሞክሼነቱ የለም። ከ1961 በፊት በዚሁ ምክንያት ተተክቶ ከሆነ ግን ጉዳዩ በአመዛኙ ተዘግቷል። ስለዚህ ሰንጠረዥህ ላይ «መጀመሪያ የወጣበት ጥምረት» የሚል ዓምድ ከሌለ አሁኑኑ ጨምር። ያለሱ ይህ ሥራ አይሠራም።

አንድ ወጥመድ አለ። ሊኔየስ በ1758 ካራቡስን ሲያቋቁም ትልቁንም ትንሹንም የመሬት ጢንዚዛ እዚያው ነው ያጎረው፤ ተከታዮቹም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ቀጠሉ። ዛሬ ፕቴሮስቲኩስ ሜላናሪዩስ የምንለው በ1798 ኢሊገር ሲሰይመው ካራቡስ ነበር። ሊሞድሮሙስ አሲሚሊስም በ1790 ፓይኩል እጅ ሲወለድ እንዲሁ። ስለዚህ ሞክሼ ስትፈልግ ዛሬ ካራቡስ ውስጥ ያሉትን ብቻ አትይ፤ ካራቡስ ተብለው ተወልደው የወጡትንም እይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ያየ ሰው ደግሞ ወዲያው መቀየር ያምረዋል። አንቀጽ 23.9.5 ይከለክላል፦ ሁለቱም ስሞች በሥራ ላይ ካሉና ከ1899 ወዲህ በአንድ ጂነስ ተቆጥረው የማያውቁ ከሆነ ታናሹን በራስህ አትተካውም። ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ይመራል፤ እስኪወሰን ሁለቱም እንደተለመዱ ይቆያሉ። የአንተ ሁለቱ ግን ዛሬም ካራቡስ ውስጥ ስለሆኑ ይህ አያድናቸውም።

አንቀጽ 45

ጥቁር ክንፍ የጻፈው ልክ ነው፤ ግን አንድ ደረጃ ዘሏል። ሞክሼነት የሚታየው ሁለቱም ስሞች በኮዱ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ነው። ካራቡስ ላይ ደግሞ ከንዑስ ዝርያ በታች የተሰጠ ስም ለጉድ ነው፦ ቫሪዬታስ፣ ፎርማ (ቅርጽ)፣ ናሲዮ (የአንድ አካባቢ ሕዝብ)፣ ሞርፋ (መልክ)፣ አበራሲዮ (ያፈነገጠ መልክ)። የቀለም ልዩነት ለሰብሳቢ ዓይን ስለሚያምር እያንዳንዱ ቀለም ስም ወጥቶለታል። የደቡብ ፈረንሳዩን ካራቡስ አውሮኒቴንስ ፌስቲቩስ ማየት ይበቃል።

ካታሎጉን ተወውና የመጀመሪያውን ገለጻ አውጥተህ ደራሲው ከስሙ ፊት ምን ቃል እንደጻፈ እይ። «ቫር.» ወይም «ፎርማ» ከሆነና ከ1961 በፊት ከወጣ እንደ ንዑስ ዝርያ ይቆጠራል፤ ደራሲው ራሱ ከዚያ በታች ነው ብሎ በግልጽ ካልጻፈ ወይም ሥራው ያን በማያሻማ ሁኔታ ካላሳየ በቀር። ያኔም ቢሆን ከ1985 በፊት ሰው የጸና የዝርያ ወይም የንዑስ ዝርያ ስም አድርጎ ከተጠቀመበት ይድናል። ከ1960 በኋላ የወጣ «ቫር.» ግን አይቆጠርም። «አበራሲዮ» እና «ሞርፋ» ከመነሻውም አይቆጠሩም።

«ናሲዮ» ነው የሚያስቸግረው። ከሦስት ስም ቀጥሎ አራተኛ ሆኖ ከተጻፈ ያለ ክርክር ከሕጉ ውጭ ነው። ሦስተኛ ሆኖ ከተጻፈ ግን መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልጋል፦ ደራሲው «ንዑስ ዝርያ» የሚል ደረጃም ይጠቀማል? ከተጠቀመ ናሲዮ የሚለው ከዚያ በታች ላለው ነው ማለት ነው።

የ1930ዎቹ ስምህ በምን ቃል ነው የወጣው?

ዝርዝር አጣሪ

ገጹን አገኘሁት። አራት ስም ነው፦ ጂነስ፣ ዝርያ፣ ንዑስ ዝርያ፣ ከዚያ «ናሲዮ» ብሎ የኛው ስም። ስለዚህ ሞክሼነት የለም ብዬ ልዝጋው ስል በ1966 ሌላ ደራሲ የመጀመሪያውን ገለጻ ጠቅሶ ወደ ንዑስ ዝርያ ከፍ እንዳደረገው አየሁ። ደራሲነቱን ለቀድሞው ነው የሰጠው።

አንቀጽ 45

እንግዲያው ሞክሼነቱ ተመለሰ። አራተኛ ሆኖ የተወለደ ስም ወደኋላ ተመልሶ አይነሣም። የ1966ቱ ሰው «የእኔ አይደለም» ቢልም በኮዱ ዓይን ደራሲው እሱ ነው፤ ዓመቱም 1966። ከ1930 በኋላ ለሚወጣ ስም ገለጻ ወይም የገለጻ ጥቅስ ግዴታ ነው፤ ጥቅሱን ስላስቀመጠ ስሙ ሕያው ሆኗል። ባዶ ዝርዝር ላይ ጽፎት ቢሆን ኖሮ አይቆጠርም ነበር። ሰንጠረዥህ ላይ የ1930ዎቹን ደራሲ አጥፋና የ1966ቱን አስገባ።

ታናሹ ተለየ። ቀጥሎ ያንኑ ንዑስ ዝርያ የሚመለከት ሌላ የሚቆጠር ስም ከሲኖኒሞቹ (ለዚያው እንስሳ ከተሰጡ ሌሎች ስሞች) መካከል ፈልግ፤ ካለ ከእነሱ ታላቁ ይተካዋል፣ አዲስ ስም አያስፈልግም። ከሌለ የ1966ቱ ደራሲ በሕይወት መኖሩን አጣራ። ካለ የኮዱ የሥነ ምግባር ደንብ አሳውቀኸው ቢያንስ አንድ ዓመት እንድትጠብቀው ይጠይቃል። ይህን የሚዘሉ አሉ፤ ነውር ነው።

አዲስ ተተኪ ስም ካወጣህ «ኖሜን ኖቩም» (አዲስ ስም) ብለህ በግልጽ ጻፍ፣ የምትተካውን ስም ከነደራሲው፣ ዓመቱና ገጹ ጥቀስ። የታይፕ ናሙናው (ስሙ የተመሠረተበት ናሙና) የተተካው ስም ታይፕ ነው፤ የተሻለ ናሙና አለኝ ብለህ ሌላ መምረጥ አትችልም። ሥራው በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ ዙባንክ (የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ ይመዝገብ፤ የምዝገባው ማስረጃም ጽሑፉ ውስጥ ይታይ።

ሰንጠረዥ ቤት

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። ዝርዝሩን በግዕዝ ፊደል ብቻ የምትይዙ ካላችሁ ለማመሳከሪያ አትጠቀሙበት። ካራቡስ ክላትራቱስ በላቲን አንዳንዱ ዘንድ «ቴ» ብቻ፣ ሌላው ዘንድ «ቴ»ና «ሃሽ» ተደርጎ ይጻፋል፤ ሊኔየስ ያለ «ሃሽ» ነበር የጻፈው። እኛ ጋ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚገርመው፣ አንቀጽ 58ም መነሻቸውና ትርጉማቸው አንድ እስከሆነ ድረስ እንዲህ ያሉትን እንደ አንድ ስም ነው የሚያያቸው፦ «ሲ» እና «ኬ»፣ «ኤፍ» እና «ፒ-ሃሽ»፣ ነጠላና ድርብ ተነባቢ፣ በሰው ስም መጨረሻ አንድ «አይ» እና ሁለት «አይ»። ፊደላችን አንቀጹን ሳያነበው ይፈጽመዋል። ችግሩ አንቀጹ የማያውቃቸውንም መጨፍለቁ ነው፤ «ሲ» ከ«አይ» በፊት ስትመጣ ከ«ኤስ» ጋር አንድ ትሆናለች። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ የአንድ ፊደል ልዩነት ደግሞ ሞክሼነትን ያስቀራል።

የጾታ ማብቂያ ግን ልዩነት ተብሎ አይቆጠርም። ያው ጢንዚዛ በሌላ ጂነስ ሥር ሲጻፍ አጎኑም አሲሚሌ ይባላል፤ አሲሚሌ እና አሲሚሊስ አንድ ስም ነው፤ ማሽን ግን ሁለት ያደርገዋል። ቃሉን ከማወዳደራችሁ በፊት ማብቂያውን ቁረጡ።

ሌላው፣ ሞክሼን ከተሳሳተ አጠራር ለዩ። በድሮ የብሪታንያ መጻሕፍት ካራቡስ ፕሮብሌማቲኩስ «ካቴኑላቱስ» ተብሎ ይገኛል። የስኮፖሊ የ1763 ካቴኑላቱስ ሌላ ዝርያ ነው። ያ የተሳሳተ መለያ ነው፤ ተተኪ ስም አይወጣለትም፣ ናሙናው ወደ ትክክለኛው ስሙ ይመለሳል።

ፒንሴት

ሁላችሁም ስሙን እያዳናችሁ ነው። ንዑስ ዝርያው ራሱ አለ ወይ? የካንሴላቱሱ ከሌሎቹ የማይለይ ከሆነ ሲኖኒም ተደርጎ ይዘጋል፤ ተተኪም አያስፈልገውም። ለሌለ ነገር ስም ማውጣት ዝርዝሩን በአንድ መስመር ከማርዘም ሌላ ፋይዳ የለውም።

ቀለምንና መጠንን ተዉአቸው፤ ከከፍታና ከእርጥበት ጋር ይዋዥቃሉ። የክንፍ ሽፋኑን ቅርጽ ተመልከቱ። ቪዮላሴውስና ፑርፑራሴንስ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ለስላሳ፣ በደቃቅ ፍንጣቂ የተሞላ ነው፤ ሁለተኛው ቀጫጭን ትይዩ ሸንተረር አለው። በማዕከላዊ አውሮፓ ሁለቱ በሚገናኙበት ቀጠና ግን መካከለኛ መልክ ያላቸው ስላሉ ከዚያ የተገኘ አንድ ናሙና ምንም አይመሰክርም። ከየቦታው ቢያንስ 10 ወንድ ይኑራችሁ፤ ሁለት ሦስት ላይ የቆመ ንዑስ ዝርያ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ከአንደኛው ሕዝብ 75 በመቶው ከሌላው ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ካልተለየ ስም አይገባውም የሚለው የቆየ መለኪያ አሁንም ይሠራል።

ከዚያ ኤዲያገስ፣ ማለትም የወንዱ ብልት። የደረቀውን ናሙና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በገባበት ሙቅ ውሃ (ወደ 60 ዲግሪ) ለግማሽ ሰዓት አለስልሱት። ከሆዱ ጫፍ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ሳቡት፤ በጎኑ ተኝቶ ነው የምታገኙት። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በክፍል ሙቀት አቆዩትና በየሰዓቱ እዩት፤ ከቆየ ጫፉ ይልፈሰፈስና ቅርጹ ይጠፋል። ሥጋው ሲሟሟ በቀላል አሴቲክ አሲድ አጠቡት። ፎቶውን ሁልጊዜ ከአንድ ጎን፣ በአንድ ማዕዘን አንሡ፤ ጥቂት ዘንበል ካለ ጫፉ የተለየ ይመስላል፤ ከዚህ የተነሣ የታተሙ «ልዩነቶች» አሉ። ገና ከሙሽሬ (ፑፓ) የወጣ ለስላሳ ጢንዚዛን አትለኩ፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ብቻውን አይበቃም። ጃፓን ውስጥ ባለው የኦሆሞፕቴሩስ ንዑስ ጂነስ ማይቶኮንድሪያው በድቀላ ከዝርያ ወደ ዝርያ ተሻግሯል፤ በዚያ ብቻ የሄደ ሰው ጎረቤታሞችን እንደ ዘመድ ይቆጥራል። እዚያ ዝርያዎቹን የሚለየው የወንዱ ብልት ውስጥ ያለው ጠንካራ ቁራጭ ከሴቷ ጋር እንደ ቁልፍና ጋን መግጠሙ ነው።

ዝርዝር አጣሪ

እናመሰግናለን። የኤዲያገሱ ውስጠኛው ከረጢት ወደ ውጭ ተገልብጦ ካልታየ አይለይም የሚሉ አሉ። በምንድን ነው የሚነፋው?

ፒንሴት

በኢንሱሊን መርፌና በጥርስ ሳሙና። ነጭና ያለ ፍንጣሪ ይሁን፤ ጄል አይሆንም፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። መርፌውን ከኋላ ባለው ቀዳዳ አስገቡና ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጠር ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ በፍጥነት ከገፋችሁት ይተረተራል። ለሁሉም ናሙና እኩል ወጥሩት፤ ግማሽ የተነፋን ከሙሉው ጋር ማወዳደር ሌላ ሐሰተኛ ንዑስ ዝርያ ይፈለፍላል።