የአቢሲንያ ባንክ ፎቶግራፍና የውጭ ባንኮች ጉዳይ፦ ክርክር

የአራዳ ነዋሪ፦ ሰሞኑን በአራዳ የነበረው የጥንቱ አቢሲንያ ባንክ ሕንፃ ፎቶግራፍ «የሥልጣኔያችን መነሻ» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። (ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራውን የግል ባንክ ማለቴ አይደለም።) እኔን ግን ያስቆጨኛል። ባንኩ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት የሚመራው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ ግብፅም ያኔ በእንግሊዝ መዳፍ ሥር ነበረች። ዓድዋ ላይ በደም ያስከበርነውን በውል አሳልፈን ሰጠን። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ይህን ፎቶግራፍ እያዩ እንዴት ዝም ይባላል?

ነጋዴው፦ ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ የዘመኑን ገበያ ግን ዘነጋኸው። መገበያያው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። ሺህ ብር ይዞ ወደ ሐረር የሚወርድ ሰው 28 ኪሎ በበቅሎ ጭኖ፣ ሽፍታ እየፈራ ነው የሚጓዘው። ባንኩ ሐረርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሲከፍት ያ ሸክም በወረቀት ተተካ። የውጭ ሰው ስላመጣው ብቻ ጥቅሙ አይካድም።

የታሪክ መምህርቷ፦ ሁለታችሁም ውሉን አልፋችሁታል። ጉዳቱ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው፦ ለ50 ዓመት ሌላ ባንክ እንዳይቋቋም ተከልክሏል፤ የብር ኖት የማሳተም መብትም ለዚያው ባንክ ተሰጥቷል። ከበላዩ የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ አልነበረም፤ የሚፎካከረውም እንዳይኖር ውሉ አጥሮታል። መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን ባያቋቁም ኖሮ ያ ውል እስከ 1940ዎቹ ይዘልቅ ነበር። ደግሞም ፎቶግራፉን «የቅኝ ግዛት ባንክ» የምትሉ ሰዎች፣ ያንን የፈለገ የጣሊያንን ወረራ ይመልከት። የኢትዮጵያን ባንክ ዘግተው የባንካ ዲታሊያንና የባንኮ ዲ ሮማን ቅርንጫፎች የተከሉት ያኔ ነው። ምኒልክ የፈረሙት ውል መጥፎ ነበር፤ ቢሆንም ነፃ መንግሥት የፈረመው ስለሆነ ነፃ መንግሥት ሊያፈርሰው ቻለ። የዛሬው አዋጅ ለአንድ ባንክ ብቻ መብት አልሰጠም፤ ተቆጣጣሪም አለው። በ1898ቱ ሚዛን መመዘኑ አይገባኝም።

የአራዳ ነዋሪ፦ መምህርት፣ በብቸኝነት መብቱ ላይ ረትተውኛል። ቁጥጥሩ ላይ ግን አልረካሁም። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች በመጠባበቂያነት የሚያስቀምጡትን ገንዘብ ልክና የካፒታላቸውን መጠን ያዝዛል እንበል። ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ ዋና መሥሪያ ቤት ለላኪና ለአስመጪ እንጂ ለጅማ ቡና አምራች አላበድርም ቢልስ፣ በየትኛው አንቀጽ ያስገድዱታል?