በሕዝብ ገንዘብ ለሚሠራ ምርምር የክፍት ተደራሽነት ምክረ ሐሳብ፦ በሦስተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለማንም አንባቢ በነፃ ክፍት እንዲሆን የምንጠይቅበት ምክረ ሐሳብ ሦስተኛው ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። አብዛኛው አንቀጽ ስምምነት አግኝቷል፤ ያላለቀው አንቀጽ 4 ነው። «ለዩኒቨርሲቲዎች ከሚመደበው የምርምር በጀት ውስጥ ለኅትመት ክፍያ ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ ይከፈት» ይላል፤ የኅትመት ክፍያ ማለት ጽሑፉ ለአንባቢ በነፃ ክፍት እንዲሆን ጸሐፊው ለአሳታሚው የሚከፍለው ነው። ቅዳሜ ባሕር ዳር ላይ ድምፅ ስለምንሰጥበት እስከ ዓርብ ማታ አስተያየታችሁን ጻፉ።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪ፦
እኔ አንቀጽ 4 ይሰረዝ ባይ ነኝ። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አንድን ጽሑፍ ክፍት አድርጎ ለማውጣት 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል አስታውቋል። ሁሉም እንደዚያ ውድ አይደለም፤ ርካሹም ቢሆን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ተከትለን ካላጠናነው ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። ጀልባ፣ ነዳጅ፣ መረብ፣ አበል ሁሉ ከዚያችው በጀት ይወጣል። ታዲያ ከእሷ ላይ ቆንጥረን ለውጭ አሳታሚ እንስጥ?

ደግሞም ብዙዎቹ ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ላይ እንደ እኛ ካለ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አገር ለሚልክ ጸሐፊ ክፍያውን ይተዋሉ። የማይተዉት በአብዛኛው ከአንባቢም ከጸሐፊም በሚሰበስቡት ድብልቅ ጆርናሎች ላይ ነው። የበጀት ርዕሱን ከከፈትን ገንዘቡ የሚሄደው ወደ እነዚሁ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
በዓሣ ተመራማሪው ዶክተር ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ይታረም፤ ረቂቁ መግቢያው ላይ አዲስ ፖሊሲ የሚለምን ይመስላል። ፖሊሲው እኮ አለ! የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶታል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ በአገር አቀፉ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ፣ ተመራማሪውም የመረጃ አያያዝ ዕቅድ እንዲያቀርብ ያዛል። የጎደለው አፈጻጸም ነው።

ከጠረጴዛዬ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። መምህሩ የሚያመጣልኝ አሳታሚው አስውቦ፣ ዓርማውን ለጥፎ ያወጣውን ቅጂ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳልለጥፍ ውሉ ይከለክላል። የሚፈቀደው ገምጋሚዎች አይተው ጆርናሉ የተቀበለው፣ ገና ያልተዋበው የጸሐፊው ቅጂ ነው። «እሱን ላኩልኝ» ስል ላፕቶፑ ተቀይሯል፣ ፍላሹ ጠፍቷል። አንዱ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሥቶ ልኮልኛል፤ የሠንጠረዡ ግማሽ በአውራ ጣት ጥላ ተሸፍኖ! ስለዚህ ቅጂው መሰብሰብ ያለበት ጆርናሉ በተቀበለው ሳምንት ነው። የቤልጅየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መፍትሔ አግኝቷል፤ ማከማቻው ውስጥ ያልገባ ጽሑፍ በመምህሩ የውስጥ ግምገማ አይቆጠርም። እኛም ከደረጃ ዕድገትና ከምርምሩ የመጨረሻ ክፍያ ጋር እናያይዘው።

የሕግ መምህርት፦
ሁለት ነገር ብቻ። ጸሐፊው ውል ከመፈረሙ በፊት ቅጂውን በማከማቻ የማስቀመጥ መብቱን እንደሚይዝ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑረን፤ ከፈረመ በኋላ መከራከር ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት ይሁን ማለት ሁሉ ይዘርገፍ ማለት አይደለም። የታካሚ መረጃና ከባህል ሐኪሞች የተሰበሰበ የመድኃኒት ዕውቀት በልዩ ሁኔታ ይታይ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦
ታላላቆቼ፣ በፈቃዳችሁ። የአገር ውስጥ ጆርናሎች ተረሱ። አንባቢንም ጸሐፊንም የማያስከፍሉ አሉን፤ አርታኢዎቻቸው ግን ከማስተማር በተረፈች ሰዓት ነው የሚሠሩት። የአንቀጽ 4 ገንዘብ ለእነሱ አርታኢ፣ ለገጽ ቅንብርና ለሰርቨር ቢውል ምን ይመስላችኋል?

በወረዳ የምሠራ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፦
ልጁ ልክ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ በዩኒቨርሲቲው መግቢያ በኩል የውጭ ጆርናሎችን በነፃ አነብ ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ በሩ ተዘጋ። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ጥናት ተሠርቷል? አርሶ አደሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከጎኑ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ጥናቱ ግን እኔ ዘንድ አይደርስም። ለእያንዳንዱ ምርምር ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ግዴታ ይሁን፤ ከሙሉ ጽሑፉ ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪ፦
ማጠቃለያውን በደስታ እጽፋለሁ። የመጨረሻውን ክፍያ መያዝ ግን ያሳስበኛል። አሁንም ቢሆን ክፍያ የሚዘገይብን ሰዎች ነን፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ ማከማቻ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ገንዘቡን ነው የሚጠይቀኝ። በዚያ ላይ ጆርናል መልስ እስኪሰጥ የበጀት ዓመቱ ያልቃል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲያው አንቀጽ 4ን እንዲህ ላሻሽለው፦ «የኅትመት ድጋፍ በጀት ከጸሐፊም ከአንባቢም ለማያስከፍሉ የአገር ውስጥ ጆርናሎችና ለዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ይውላል። ተመራማሪው የመጨረሻውን ክፍያ የሚያገኘው የምርምር ዘገባውንና የአማርኛ ማጠቃለያውን ለማከማቻው ሲያስረክብ ነው። ኋላ ጆርናል የተቀበለው ጽሑፍ ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው ቅጂው ማከማቻ ከገባ ብቻ ነው።» የመስክ ሠራተኞች ክፍያ በዚህ ምክንያት እንደማይያዝ እጨምራለሁ። የመብቱን ዓረፍተ ነገር መምህርት ያዘጋጁልን። ቤተ መጻሕፍቱ የርክክቡን ደረሰኝ በስንት ቀን ይሰጣል?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
በአምስት የሥራ ቀን፤ ካለፈ እንደተረከብን ይቆጠር። መብራት የጠፋበት ቀን ግን አይታሰብብን።