የጀልባዬ ሞተር ባትሪውን መሙላቱን በምን ልለካ?

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሰው በጀልባ አመላልሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሳ እያለ አስቸግሮኛል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ያው ነው። በመልቲሜትር ስለካው ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 ቮልት፣ እየሠራም 12.4 ቮልት፤ ነዳጅ ብሰጠውም ንቅንቅ አይልም። ወደ 14 መጠጋት ነበረበት! ጥርጣሬዬ ስቴተሩ (ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል) ወይም ሬክቲፋየሩ (ከስቴተሩ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይረው ዕቃ) ላይ ነው። የከበደኝ አለካኩ ነው። ከስቴተሩ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅዬ በተለዋዋጭ ጅረት ልለካ ወይስ ሳልነቅል? የባትሪውን ሽቦ ሞተሩ እየሠራ መንቀልስ ሬክቲፋየሩን ሊያቃጥል ስለሚችል አልሞክረውም። አምፔሩንስ እንዴት ልወቅ? መለኪያዬ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም፤ በመስመሩ መካከል አስገብቼ ሞተሩን ባስነሳ ይቃጠልብኛል። የልጆቼ እንጀራ በዚህች ጀልባ ነውና በእጁ የሠራ ሰው ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።