አሮጌ ፒቪሲ ከሲሚንቶ ወለል ላይ እንዴት ይነሣል?

ጥያቄ (ባለ 3ኛ ፎቅ)
ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎኑ 4 በ4 ሜትር፣ ወለሉ 30 በ30 ሳ.ሜ የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ታይል። ሴራሚክ ልናስነጥፍ አስበናል። ጫፍ ጫፉ ተነሥቷል፣ መሃሉ ግን በስፓቱላ ሲነካ እየተሰባበረ ጥፍር ጥፍር የሚያህል ነው የሚወጣው። ከሥሩ ቢጫ ኮላ ይቀራል። በቲነር እጠቡት የሚል አለ፣ ሴራሚኩን ከላዩ ለጥፉት የሚልም አለ። የቱ ይሻላል?

መልስ (ስፓቱላ)
ከላዩ መለጠፉን እርሱት። ፒቪሲው ይለመጣል፣ ሴራሚክ አይለመጥም፤ ፉጋው (በሴራሚኮቹ መሃል ያለው መሙያ) ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሲረገጥ ባዶ ባዶ ይላል።

የሚሰባበረው ስላረጀና ስለደረቀ ነው፣ ይሙቅ። ሂት ገኑን (ሙቅ አየር መንፊያውን) ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ አርቃችሁ አንዱን ታይል ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ። ጎማ ጎማ ሲል 10 ሳ.ሜ ስፋት ያለውን ስፓቱላ አስተኝታችሁ ከተነሣው ጫፍ ወደ ውስጥ ግፉ። ስፓቱላው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሊሾውን (የሲሚንቶውን ልስን) ይቦረቡረዋል። ሂት ገን ከሌለ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ በካውያ ማሞቅም ይሠራል። ታይሉ መጥቆር ከጀመረ ግን አቁሙ፤ የፒቪሲ ጭስ አሲድ አለው፣ ሳንባ ያቃጥላል።

መልስ (ኮላ አዋቂ)
ታይሉ ቀላሉ ነው፣ ሥራው ኮላው ላይ ነው። ቲነር ያቀልጠዋል፣ እውነት ነው፤ ግን የቀለጠው ሲሚንቶው ውስጥ ይሰርግና በኋላ የሴራሚኩ ማጣበቂያ አይዝም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ትነቱ በማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ሊያያዝ ይችላል።

መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ፦ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አንጥፉ፣ በላስቲክ ሸፍኑ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከለሰለሰ ሁሉንም በዚያው ፋቁት፤ ታች ጎረቤት ስላለ ውሃ አታፍስሱ፣ ጨርቁን ብቻ ንከሩ። ካልለሰለሰ ግራይንደር ላይ የሲሚንቶ መፋቂያ ዳይመንድ ዲስክ ግጠሙ። የሲሚንቶ አቧራ ሳንባ ይጎዳልና ከቫክዩም ጋር፣ የጨርቅ ሳይሆን የአቧራ ማስክ አድርጋችሁ።

ሲያልቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከጠጣው ጨርሳችኋል፤ እንደ ዶቃ ከቆመ ኮላ ቀርቷል።

መልስ (ዲሲ)
አሜሪካ ላላችሁ፦ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠራ ቤት 23 ሳ.ሜ ታይልና ጥቁር ሙጫ ካገኛችሁ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አትፋቁ፣ ግራይንደርም አታስነኩ። ናሙና አስመርምሩ።

ጠያቂው
ቢጫ ነው፣ እናመሰግናለን። ግንበኛው በጭቃ (በሲሚንቶና አሸዋ ቡኮ) ነው የማነጥፈው ይላል፤ ችግር አለው?

መልስ (ስፓቱላ)
አለው። 3 ሳ.ሜ ጭቃ በካሬ 60 ኪሎ ያህል ነው፤ ለ16 ካሬ ወደ 1 ቶን፣ ሴራሚኩ ሳይቆጠር። ፎቅ ላይ ነው ያላችሁት፣ በማጣበቂያ ይሁን። በዚያም ቢሆን 8 ሚ.ሜ ሴራሚክና 5 ሚ.ሜ ማጣበቂያ 2 ሚ.ሜውን ፒቪሲ ሲተካ ወለሉ 11 ሚ.ሜ ይነሣል። የበሩን ሥር ለኩ፤ የሚቆረጥ ከሆነ ከማንጠፉ በፊት ይቆረጥ።